«ውጣ» አለኝ፣ በማግስቱ «አትውረድ» አለኝ፤ የትኛውን ልስማ?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ዓምድዎን ሁሌ አነባለሁ። የ27 ዓመት ልጅ ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ሱፐርማርኬት ካሸር ሆኜ እሠራለሁ። አባቴ ካረፈ ቆይቷል። ከእናቴ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። እናቴ ስኳር አለባት። ዓይኗ ስለደከመ ጠዋትና ማታ ኢንሱሊኗን የምወጋት እኔ ነኝ። ወንድሜ ባለትዳር ነው። እዚሁ ከተማ ነው የሚኖረው፤ በዓል ሲሆን ይመጣል።

ዱባይ ያለችው የአክስቴ ልጅ «ነይ፣ እኔ ጋ ታርፊያለሽ፣ እዚህ ሥራ ሞልቷል» እያለችኝ ነው። ለቪዛና ለትኬት የእናቴን የአንገት ወርቅ ሸጠን ብሩን እንድንልክ ትፈልጋለች። እስከ ወሩ መጨረሻ ቁርጡን ንገሪኝ ብላኛለች።

እኔ ጌታን ሳልጠይቅ ምንም አላደርግም። ጸልዬ መጽሐፍ ቅዱሴን ዝም ብዬ ስከፍተው ዘፍጥረት 12 ወጣልኝ። «ከአገርህ ከዘመዶችህም ከአባትህም ቤት ተለይተህ እኔ ወደማሳይህ ምድር ውጣ» ይላል። እልል አልኩ። በማግስቱ ለማረጋገጥ ደግሜ ስከፍት ግን ዘፍጥረት 26 ላይ «ወደ ግብፅ አትውረድ፥ እኔ በምልህ ምድር ተቀመጥ» አለኝ። ወይኔ ብዬ ዘጋሁት። የጸሎት ቡድናችን መሪ «ጌታ በሩን ከፍቶልሻል፣ አትጠራጠሪ» ትለኛለች። ወንድሜ ደግሞ «ለቤተ ሰዎቹ የማያስብ ከማያምን ሰው ይከፋል» የሚለውን ጥቅስ በቴሌግራም ላከልኝ። እናቴ ኦርቶዶክስ ናት፤ እኔ ፕሮቴስታንት ነኝ። እሷ ዳዊቷን በቃሏ ትደግማለች እንጂ ምንም አትለኝም። እንቅልፍ አጣሁ። የተሳሳተውን ብመርጥ እግዚአብሔር ይቆጣኛል ብዬ እፈራለሁ። የትኛውን ቃል ልስማ? እባክዎ ይምከሩኝ።

ግራ የገባኝ፣ ከሳሪስ

መልስ

የኔ እህት፣ እንደምን ሰነበትሽ? እናትሽስ እንዴት ናት? ደብዳቤሽን ሳነብ ከቪዛውም ከጥቅሱም በፊት ያሳሰበኝ እንቅልፍ ማጣትሽ ነው። ቀን ሙሉ ሒሳብ ስትቀበይ ትውያለሽ፣ ጠዋት ማታ እናትሽን ታክሚያለሽ፣ ሌሊቱን ደግሞ «ብሳሳት ይቆጣኛል» እያልሽ ታድሪያለሽ። ይሄ ሰው አያቆይም። ስለዚህ አንድ ቃል ላስቀድም። ያዕቆብ 1፥5 «ከእናንተ ግን ማንም ጥበብ ቢጎድለው፥ ሳይነቅፍ በልግስና ለሁሉ የሚሰጠውን እግዚአብሔርን ይለምን» ይላል። ግራ ገብቶት የሚለምነውን ሰው እግዚአብሔር አይነቅፈውም። ግራ መጋባትሽ ጥፋት አይደለም።

ደብዳቤሽ ውስጥ ዓይኔ ያረፈበትን ልንገርሽ። «ውጣ» የሚለውን ስታገኚ እልል አልሽ። «አትውረድ» የሚለውን ስታገኚ ወይኔ ብለሽ ዘጋሽው። እንግዲህ መጽሐፉን ሳትከፍቺው በፊትም ልብሽ የቆረጠው ነገር ነበር ማለት ነው። መፈለግሽ ነውር የለውም። ዕድሜሽ ነው፣ ኑሮው ደግሞ የምናውቀው ነው። ግን እስቲ ልጠይቅሽ። የምትፈልጊው ዱባይን ነው ወይስ እረፍትን? ነገ ወንድምሽ መጥቶ «ከዛሬ ጀምሮ የኪራዩን ግማሽ እኔ እከፍላለሁ፣ ቅዳሜና እሁድ እማዬን እኔ ቤት እወስዳታለሁ» ቢልሽ፣ ሻንጣ ማዘጋጀትሽን ትቀጥያለሽ? መልሱን ለእኔ አትጻፊልኝ። ለራስሽ ግን ሳትሸፋፍኚ መልሺው። «አዎ፣ ያኔም እሄዳለሁ» ካልሽ ጥሩ። «ያኔማ ለምን ብዬ» ካልሽ ደግሞ የምንነጋገረው ስለ ዱባይ አይደለም፤ ብቻሽን ስለተሸከምሽው ሸክም ነው።

አሁን ወደ ጥቅሶቹ እንምጣ። መጽሐፉን ዝም ብሎ ከፍቶ ዓይን ያረፈበትን ማንበብ ብዙ ሰው የሚያደርገው ነው። አልቀልድብሽም። አንዳንዴ ልብ የሚያሳርፍ ቃል ይገጥማል፣ ሰውም ተጽናንቶ ይውላል። ለመጽናናት ይሁን። ወርቅ ለመሸጥ ግን አይበቃም። ታክሲ ውስጥ አጠገብሽ የተቀመጠ ሰው ስልኩ ላይ «በቃ ሽጠው» ሲል ሰምተሽ ቤትሽ ስትገቢ ቁም ሣጥንሽን አትሸጪም። ማን ለማን፣ ስለ ምን እንዳለው አታውቂማ።

ደግነቱ፣ የወጡልሽ ሁለት ምዕራፎች የአባትና የልጅ ታሪክ ናቸው። እኔ የልጅ ልጁን ልጨምርልሽና ሦስቱን አብረን እንያቸው።

ዘፍጥረት 12ን ቁጥር 1 ላይ ነው ያቆምሽው። እስቲ ወረድ በይ። ቁጥር 10 ላይ ረሃብ ይገባል፣ አብራም ወደ ግብፅ ይወርዳል። እዚህ ላይ «ሂድ» ያለው የለም። ያስወጣው ረሃብ ነው። ድንበሩ ጋ ሲደርስ ፈራ። «ይገድሉኛል» ብሎ ሚስቱን «እህቱ ነኝ በዪ» አላት። እሷ ወደ ፈርዖን ቤት ተወሰደች፤ ለእሱ በግና በሬ፣ አህያና ግመል ተሰጠው። እግዚአብሔር ሚስቱን አስመለሰለት እንጂ እሱስ ዝም ብሏል። እልል ያልሽበት ምዕራፍ እንግዲህ ይሄ ነው። አሳንሼው አይደለም። እንዲያውም የባሰ ወድጄዋለሁ። የተቸገረ ሰው በሰው አገር ፍርሃት ምን ሊያስደርገው እንደሚችል አይደብቅም። ደግሞ የአብራም ፍርሃት ዋጋው የተከፈለው በሴቷ ነው። ያንን ልብ ብለሽ አንብቢው።

ዘፍጥረት 26 ላይ ልጁ ይስሐቅ አለ። እሱንም ረሃብ ገጥሞታል። እሱ ግን «አትውረድ» ተባለ። ቀረ፣ በጌራራ ዘራ፣ በዚያው ዓመት መቶ እጥፍ አገኘ። መቅረት ማለት እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አልነበረም። አባቱ ያስቆፈራቸውን ጉድጓዶች ፍልስጥኤማውያን በአፈር ደፍነዋቸው ነበር፤ መልሶ አስቆፈራቸው። አዲስ ቆፈረ፣ ተጣሉት። ትቶ ሌላ ቆፈረ፣ እሱንም ተጣሉት። ሦስተኛው ላይ ነው ያረፈው። ወይኔ ብለሽ ባትዘጊው ኖሮ ይሄን ታገኚ ነበር።

ዘፍጥረት 46 ላይ የልጅ ልጁ ያዕቆብ አለ፤ አርጅቷል። አሁንም ረሃብ ነው፣ አሁንም ግብፅ ነው። እሱ ደግሞ የተባለው «ወደ ግብፅ መውረድ አትፍራ፥ በዚያ ትልቅ ሕዝብ አደርግሃለሁና» ነው። ይታይሽ። አንድ ቤተሰብ፣ አንድ አምላክ፣ አንድ አገር። አያት ራሱ ተነሥቶ ሄደ፣ ልጅ አትሂድ ተባለ፣ የልጅ ልጅ ሂድ አትፍራ ተባለ። ያዕቆብ ለአባቱ የተነገረውን ቃል ለራሴ ነው ብሎ ይዞ ቢሆን ኖሮ ከነልጆቹ ከነዓን ውስጥ በረሃብ ባለቀ ነበር።

ስለዚህ «የትኛውን ልስማ» ለሚለው መልሴ፣ ሁለቱም የዱባይን ትኬት ጉዳይ አይወስኑልሽም ነው። አንዱ ለአብራም፣ ሌላው ለይስሐቅ በየሰዓቱ የተነገረ ነው። ታሪኮቹ ሙሉ በሙሉ ሲነበቡ ግን ጥያቄ ይሰጡሻል። እኔ የእግዚአብሔርን ምሪት በአብዛኛው ያየሁት በእንደዚህ ዓይነት ጥያቄዎች በኩል ነው።

አንዷን ጥያቄ ከያዕቆብ ልውሰድልሽ። ምዕራፍ 45 መጨረሻ ላይ ልጆቹ ከግብፅ ተመልሰው «ዮሴፍ በሕይወት አለ፣ የአገሩ ገዥ ሆኗል፣ ና ይልሃል» ሲሉት ሽማግሌው ልቡ ደነዘዘ፣ አላመናቸውም። በወሬ አልተነሣም። መንፈሱ የታደሰው ዮሴፍ የላካቸውን ሰረገሎች ሲያይ ነው። ዮሴፍ ሰረገላ ብቻ አይደለም የላከው። አሥር አህያ ከግብፅ በረከት ጭኖ፣ አሥር ሴት አህያ ደግሞ እህልና የመንገድ ስንቅ ጭኖ ነው የላከው። የሚያርፉበትም አገር፣ ጌሤም፣ አስቀድሞ በስሙ ተነግሯል። ጠሪው አዘጋጅቶ ነው የጠራው። ያዕቆብን «የራሔልን ወርቅ ሽጠህ ላክልኝ» ያለው የለም።

የአክስትሽን ልጅ ክፉ ናት እያልኩሽ አይደለም። ምናልባት እሷም እንዲሁ ሄዳ ተሳክቶላት ይሆናል። ግን ሰረገላው የት አለ? ደብዳቤሽ ውስጥ የአሠሪ ስም የለም፣ የሥራው ዓይነት የለም፣ ደመወዝ የለም። «ሥራ ሞልቷል» ብቻ ነው ያለው። የምትልክልሽ ቪዛ የጉብኝት ከሆነ፣ ብዙዎች «ቪዚት» የሚሉት ማለቴ ነው፣ በእሱ ተቀጥሮ መሥራት በኤምሬትስ ሕግ ክልክል ነው። ቀኑ ሲያልፍ ደግሞ በየቀኑ ቅጣት ይቆጠርብሻል። ደመወዝሽን ቢከለክሉሽ ሄደሽ ለመክሰስ ትፈሪያለሽ፣ ምክንያቱም ራስሽ ሕገ ወጥ ሆነሻል። የአብራም ፍርሃት እዚህ ጋ ይመጣል። በሥራ ውል ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የአገሩ የሠራተኛ ሕግ አሠሪው የቅጥሩን ወጪ ሠራተኛው ላይ እንዲጭን አይፈቅድም። ታዲያ የእናትሽ ወርቅ የሚሸጠው ለምኑ ነው? ይሄንን ሳታፍሪ ጠይቂ። ጌታ ራሱ ሉቃስ 14፥28 ላይ ግንብ ሊሠራ የሚወድ አስቀድሞ ተቀምጦ ኪሳራውን ይቆጥራል ብሏል። ሒሳብ ማድረግ አለማመን አይደለም። ደግሞ ለካሸር ይሄ አይጠፋትም።

ዛሬ ማታ ለአክስትሽ ልጅ እንዲህ ብለሽ ጻፊላት፦ «ውዴ፣ ስላሰብሽልኝ አመሰግናለሁ። ከመወሰኔ በፊት የቪዛው ዓይነት ምን እንደሆነ፣ የሚቀጥረኝ ማን እንደሆነ ንገሪኝ። የሥራ ውሉንም ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ።» በኤጀንሲ በኩል ነው ካለችሽ ኤጀንሲው ፈቃድ ያለው መሆኑን ሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ሄደሽ አጣሪ። ወዳጅ የሆነ ሰው በዚህ አይቀየምም። ከተቀየመችም የሚነግርሽ ነገር አለ።

ስለ ተከፈተው በር። መሪያችሁ በፍቅር እንደምታስብልሽ አልጠራጠርም። ግን የተከፈተ በር ሁሉ የጌታ ከሆነ ዮናስን ምን ልናደርገው ነው? ከእግዚአብሔር ፊት ሊኮበልል ወደ ኢዮጴ ሲወርድ ወደ ተርሴስ የምታልፍ መርከብ ቆማ ጠበቀችው። ቦታ ነበራት፣ የሚከፍለውም ዋጋ በእጁ ነበር። አንድም እንቅፋት አልገጠመውም፤ ገብቶ እንቅልፉን ተኛ። የጾመ ነነዌ ሰሞን እናትሽ ይህን ታሪክ በደንብ ትነግርሽ ነበር። ዱባይ ተርሴስ ነው እያልኩሽ አይደለም። በሩ መከፈቱ ብቻውን አያስገባም ነው የምልሽ። መሪያችሁን አክብሪያትና «ከእኔ ጋር ሆነሽ ውሉን ታይልኛለሽ?» በያት። ምሳሌ 15፥22 «መካሮች በበዙበት ዘንድ ግን ይጸናል» የሚለው እንዲህ ላለው ነው። አንድ መካሪ ብቻ ይዘሽ አትሂጂ።

አሁን ወንድምሽ ጋ ልምጣ፤ እሱ ላይ ትንሽ ተናድጃለሁ፣ አልደብቅሽም። 1ኛ ጢሞቴዎስ 5፥8 ልኮልሻል። ጥቅሱ እውነት ነው፣ ከባድም ነው። ግን አራት ቁጥር ከፍ ብሎ ቢያነብ ጥሩ ነበር። ቁጥር 4 ባልቴት ልጆች ወይም የልጅ ልጆች ቢኖሯት ለወላጆቻቸው ብድራት መመለስን ይማሩ ይላል። ቃሉ የመጣው የባልቴቶች ጉዳይ ላይ ነው፣ ግዴታውም የልጆቿ ሁሉ ነው። እናትሽ የወለደችው አንቺን ብቻ አይደለም። ቴሌግራም ላይ ጥቅስ መላላክ ግን አትጀምሩ፤ መልስ የሚሰጥ ጥቅስ አይጠፋም፣ ጠብም አያልቅም። ጥሪው። ቡና አፍይና ፊት ለፊት አውሩ። «እኔ ብሄድ ማን ይወጋታል?» ብለሽ ጠይቂው፤ «አንተ ምን አገባህ» እንዳትይው። ከዚያ ሚስቱም እሱም መርፌውን መውጋት ይልመዱ። ጤና ጣቢያ ያሉት ነርሶች ሲጠየቁ ያሳያሉ፣ ከባድ አይደለም። ኢንሱሊኑ የት እንደሚቀመጥ፣ ፍሪዘር ውስጥ መግባት እንደሌለበት፣ እናትሽ ላብ ላብ ሲላትና ስትንቀጠቀጥ ምን መስጠት እንዳለባቸው አንቺ ታውቂያለሽ። እነሱም ይወቁ። ሌላው ቢቀር አንቺ ራስሽ አንድ ቀን ጉንፋን ይዞሽ ትተኚ ይሆናል።

ልጅ እናቱን ትቶ መሄድ ይችላል ወይ? ሁለት ቦታ ላሳይሽ። ማርቆስ 7 ላይ ጌታ በጣም የሚቆጣባቸው ሰዎች አሉ። ለአባትና ለእናት የሚገባውን «ቁርባን ነው፣ ለእግዚአብሔር ተሰጥቷል» እያሉ ከወላጅ ግዴታ የሚያመልጡ ናቸው። ስለዚህ «ጌታ ውጣ ብሎኛል» ብለሽ እናትሽን ያለ ሰው ትተሽ ብትሄጂ እኔም ደስ አይለኝም። ዮሐንስ 19 ላይ ግን ጌታ ራሱ መስቀል ላይ ሆኖ እናቱን ያያል። አጠገቧ ሊቆይ አይችልም። ታዲያ ምን አደረገ? ለሚወደው ደቀ መዝሙር «እናትህ እነኋት» አለው፤ ደቀ መዝሙሩም ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ወደ ቤቱ ወሰዳት። እናትን ማክበር ሁልጊዜ አጠገቧ መቀመጥ አይደለም። በስሙ የሚታወቅ፣ በዓይኗ የምታየው፣ እሺ ያለ ሰው እጅ ላይ ማስቀመጥም ነው። ከመሄድሽ በፊት ያ ሰው ማን እንደሆነ ማወቅ አለብሽ።

በደብዳቤሽ ውስጥ አንድ ሰው ብቻ ነው ሐሳቡ ያልተሰማው፤ እናትሽ ናት። «ምንም አትለኝም» ብለሻል። ጠይቀሻታል ግን? ወርቁ የእሷ ነው፣ መርፌው የእሷ ነው፣ ልጅቷም የእሷ ናት። እናቶቻችን ዝም ሲሉ አንዳንዴ «እንዳልከለክላት» ብለው ነው፣ አንዳንዴ «እንዳላሳጣት» ብለው ነው፣ አንዳንዴ ደግሞ ፈርተው ነው። ከፊቷ ብቻ አትገምቺ።

ጃንደረባውን ታስታውሺዋለሽ፣ የኢትዮጵያዊውን። ሐዋርያት ሥራ 8 ላይ ሠረገላው ውስጥ ተቀምጦ ኢሳይያስን ሲያነብ ፊልጶስ «የምታነበውን ታስተውለዋለህን?» ሲለው «የሚመራኝ ሳይኖር ይህ እንዴት ይቻለኛል?» ብሎ አጠገቡ እንዲቀመጥ ለመነው። ባለሥልጣን ሆኖ አላፈረም። አንቺም ብቻሽን አታንብቢ። እናትሽ ዓይኗ ደክሟል፤ አንቺ አንብቢላት። ማታ መርፌዋን ከወጋሽ፣ እራቷን ከበላች በኋላ ዘፍጥረት 12ን እስከ መጨረሻው ድረስ አንብቢላት። በሌላው ማታ 26ን፣ ከዚያ 45ንና 46ን። ቤተ ክርስቲያናችሁ የተለያየ ነው፣ መጽሐፉ ግን የሁለታችሁም ነው። ስለ ሣራ ምን እንደምትል፣ ስለ ጉድጓዶቹ ምን እንደምትል ስሚያት። በዚህ ዕድሜዋ ዳዊትን በቃሏ የያዘች ሴት የምትናገረው አታጣም። ከዚያ መጽሐፉን አስቀምጪና «እማዬ፣ አንቺስ ብሄድ ነው ብቀር የሚሻልሽ?» በያት። መልሷን አታቋርጫት።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ቀላል ባይሆንም ግልጽ ይሆናል። ውሉ ከመጣ፣ አሠሪው ከታወቀ፣ ወንድምሽ እናትሽን ከተረከበ፣ እሷም መርቃ ከሸኘችሽ፣ አራተኛ ጥቅስ አትፈልጊ፤ ሂጂ። የጎደለ ካለ ደግሞ ለአክስትሽ ልጅ «ይህ ሲሟላ እመጣለሁ» በያት። የወሩ መጨረሻ የእሷ ቀጠሮ ነው፤ አንቺ የግድ በእሱ መታሰር የለብሽም። «ቪዚት ነው፣ እዚህ ከመጣሽ በኋላ እናስተካክላለን» ካለችሽ ግን ወርቁ ካለበት አይነቃነቅ። ያኔ እንደ ይስሐቅ እዚሁ የምትቆፍሪው ጉድጓድ የትኛው እንደሆነ እናስብ። ካሸርነትሽ ላይ የሒሳብ ሥራ ሥልጠና ጨምረሽ የተሻለ ደመወዝ ያለበት ቦታ መወዳደር ትችያለሽ። ለስንቱ ዓመት፣ በስንት ብር የሚለውን ከፈለግሽ ጻፊልኝና አብረን እናሰላዋለን።

ወንድምሽን ግን ዱባይ ሄድሽም ቀረሽም በዚህ ሳምንት ጥሪው። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ይመቻል፣ ሚስቱንም ይዞ ይምጣ።